የይርዳው ድርቆሽና የጃርት ምክር

እስቲ ቀረብ በሉ፤ አዋቂዎቹም ጭምር፣ ነገሩ ለእናንተም ይሆናል። በድሮ ዘመን፣ እንስሳ ሁሉ አፍ በነበረው ጊዜ፣ ስሙ በጠፋብኝ ቆላ አገር ይርዳው የሚባል ባለከብት ነበር። ክረምት ሲወጣ ሣር አጭዶ የድርቆሹን ክምር ከቤቱ አስበለጠው። በየጠዋቱ ክምሩን ቀና ብሎ ያይና "ሆድ ከሞላ ምን ጎደለ?" ይላል።

ሚስቱ አንጓች ግን ሁለት ስልቻ ቦሌ በአህያ ጭና መጣች። ቦሌ ከብት የሚልሰው ጨዋማ አፈር ነው፤ በዚያ አገር በጋ ሲገባ ለከብት በየሳምንቱ ይሰጣል። "ላማችን ቦራ አርግዛለች፤ ዝናብ እስኪጥል ከዚህ ካልላሰች እሷም ጥጃዋም አይቆሙም" ብላ አስጠንቅቃው፣ የታመመች እናቷን ልታስታምም ወንዝ ተሻገረች።

በማግስቱ ጃርት መጣ። ጃርት ጨው ካየ እናቱንም አያውቅም። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ ከይርዳው በቀር።

"ጌታዬ፣ ያ ሁሉ ድርቆሽ ተከምሮ ለከብት አፈር ይሰጣሉ? ሰው ምን ይላል?"

ይርዳው ደነገጠ። "ምን ይላል፣ አያ ጃርት?"

"ድርቆሹ ቢያልቅበት አፈር አስላሰ ይላላ! ለእኔ ይስጡኝ፣ አርቄ ልድፋልዎት።"

"እውነትህን ነው፤ ሆድ ከሞላ ምን ጎደለ?" አለና አንዱን ስልቻ አሸከመው። በሳምንቱ ጃርት ተመልሶ "ያኛውም ከመንገድ ይታያል" አለው። ሁለተኛውንም አሸከመው። አመሰገነውም።

ሁለት ወር አለፈ። ከብቶቹ ሆዳቸው እስኪነፋ ይበላሉ፣ ግን ይከሳሉ። በሬው የይርዳውን ቀበቶ አኘከ። ጊደሯ የአልጋውን ጠፍር በላች። ቦራ ደግሞ ከሜዳ አሮጌ አጥንት አንስታ ታላምጣለች።

"አንቺ፣ ላም ነሽ ጅብ?" አላት ይርዳው።

"ሆዴማ ጠግቧል፤ አጥንቴ ነው የራበው" አለችው።

"ሆድ ከሞላ ምን ጎደለ?"

ቦራ ወደ አጥንቱ ተመለሰች። በሦስተኛው ቀን ልትነሣ ስትል የኋላ እግሯ ከዳትና ወደቀች። ይርዳው ድርቆሽ ጨመረላት፤ ሌላ የሚያውቀው መድኃኒት አልነበረም። ከዚያ አጠገቧ ተቀምጦ አለቀሰ። ከጥጃነቷ ጀምሮ በእጁ ያሳደጋት እሱ ነበር።

አንጓች ስትመለስ ላሟን አየችና ቦሌው የት እንዳለ ጠየቀች።

"አፈሩን? ጃርት ደፋልኝ።"

አንጓች አልጮኸችም። "በሬውን ፍታና ተከተለው" አለችው ብቻ።

በሬው እያነፈነፈ ሄዶ ሄዶ የጃርት ጉድጓድ አፍ ላይ ቆመና ግድግዳውን ይልስ ጀመር። ውስጥ ሁለቱ ስልቻዎች አሉ፤ አንዱ ባዶ፣ በሌላው ላይ ጃርት ተኝቶበታል።

ይርዳው የተረፈውን ስልቻ ይዞ ለቦራ በሙሉ ሊደፋላት ሮጠ። አንጓች ክንዱን ያዘችው። "አንተ ሰው፣ ደግሞ በአንዴ ልትገድላት ነው? ዛሬ አንድ እፍኝ፣ ድርቆሹም ከጎኑ!" ሰባት ቀን እንዲሁ አደረገች። በስምንተኛው ቀን ቦራ ተነሣች። ዝናብ ሲጥል የወለደችው ጥጃም ትንሽ ተንገዳግዶ ቆመ።

በጃርት ላይ ሽማግሌዎች ዋርካ ሥር ፈረዱበት፦ "እንደ ምክሩ ይኑር።" ጃርት በይርዳው ደጅ ታሰረ፤ ምግቡም ድርቆሽ ብቻ ሆነ። በሦስተኛው ቀን የታሰረበትን ገመድ ሲልስ ተገኘ።

"ጌታዬ፣ ስለ ፈጠረዎት፣ ቅንጣት ጨው!"

ይርዳው አንድ እቅፍ ድርቆሽ ጨመረለትና "ሆድ ከሞላ ምን ጎደለ?" አለው።

እኔ ተረቴን ጨረስኩ፤ እናንተ ለከብቶቻችሁ እንዳትነግሩ፣ ይታዘቡናል። የዚያ አገር ሰው ግን ከዚያ ወዲህ እንዲህ ይላል፦ ድርቆሽ ሆድን ይሞላል፣ ቦሌ ጉልበትን ያቆማል፤ ጨው ወዳድን ስለ ጨው ያማከረ ግን ሁለቱንም ያጣል።