ከሣጥን አልወጣ ያለው ማጠንጠኛ

ተረት ልንገራችሁ? «ንገሪን» በሉኛ! የእኔ ተረት የላም በረት የለውም፤ ሐይቅ ዳር ነው፤ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

በጫሞ ሐይቅ ዳር ጋሽ ኦይቻ የሚባሉ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ ሦስት ወር ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህ እህል ከአፋቸው ርቋል። ግቢያቸው ውስጥ ውዳላት የምትባል አስተማሪ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ውዳላት ሰሌዳ ፊት ስትቆም ድምፅዋ እስከ ሜዳው ይሰማል። ከሰሌዳው ከራቀች ግን፣ ሰው ትኩር ብሎ ካያት፣ ነጠላዋን ወደ አፏ ትስባለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ኦይቻ ጠሯት።

«ልጄ፣ ዛሬ አንድ ነገር አማረኝ።»

«ምን አማረዎት ጋሼ?»

«የነጭ ዓሣ ሾርባ። ከሸምበቆው ሥር የሚኖረው። አንድ ሲኒ ብቻ።»

በሦስት ወር ውስጥ የመጀመሪያው አምሮታቸው ነበር። ውዳላት ድስቱን ጥዳ ውሃ ጨመረችበት። ድስቱ ግን «ያለ ዓሣ አልፈላም» አለ።

ወደ መረበኞቹ ሮጠች። ቆሮሶ አላቸው፤ አምባዛ አላቸው፤ ነጭ ዓሣ የላቸውም። «በዚህ ወር ሸምበቆ ውስጥ ገብቷል መምህርት፤ መረብ እዚያ ከገባ ተቀዶ ነው የሚወጣ» አሏት። ወደ ሸምበቆው ሄዳ ጎንበስ አለች።

«ነጭ ዓሣ፣ ነጭ ዓሣ፣ ለጋሽ ኦይቻ ሾርባ ውጣ!»

«ሸምበቆው ቤቴ ነው» አላት ዓሣው። «በቀጭን ክር ብትስቢኝ እሸምበቆው ላይ ጠምጥሜ እበጥሰዋለሁ። ያለ ወፍራም ክር አልወጣም!» በጅራቱም ውሃ ረጫት።

ድስቱ ያለ ዓሣ አልፈላም አለ፤ ዓሣው ያለ ወፍራም ክር አልወጣም አለ። ውዳላት መንጠቆና ክር ወደምትሸጠው ወደ ወይዘሮ ትርፌ ሱቅ ሄደች።

«ውይ መምህርት! አንቺና ዓሣ ደግሞ ምን አገናኛችሁ?» አለች ወይዘሮ ትርፌ። የውዳላት ጆሮዋ ሳይቀር ጋለ። «በይ ስሚ። ይሄ ቀጭኑ ለቆሮሶ ነው፤ ውሃ ውስጥ አይታይም፣ ሩቅ ይወረወራል። ሸምበቆ ውስጥ ላለ ነጭ ዓሣ ግን ይሄ ነው፤ እንደ በግ ገመድ የወፈረው። እሱ ደግሞ የማጥመጃ ዘንግ ላይ በሚገጠም ትንሽ ማጠንጠኛ አይጠቀለልም፤ ትልቅና እጀታው ብርቱ የሆነ ይፈልጋል። ዘንግስ አለሽ? ረጅምና ለስላሳው ለገላጣ ውሃ ነው። ለሸምበቆ አጭርና ደንዳና ያስፈልግሻል፤ ዓሣው ዞሮ ሳይጠመጥም ነቅሎ የሚያወጣ። እንደ ባል ምርጫ ነው እቱ፤ ሁሉም ወንድ ለሁሉም ቤት አይሆንም!»

ራሷ ተናግራ ራሷ ሳቀች። ወፍራሙ ክርም ከመደርደሪያው ላይ ሆኖ «ያለ ደንዳና ዘንግ አልወረወርም» አለ።

ድስቱ ያለ ዓሣ አልፈላም አለ፤ ዓሣው ያለ ወፍራም ክር አልወጣም አለ፤ ክሩ ያለ ደንዳና ዘንግ አልወረወርም አለ። በዚያ ዳርቻ አጭርና ደንዳና ዘንግ ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ የጋሽ ዳንሳ ግድግዳ ላይ። ውዳላት ይህን ስታስብ እግሯ ከበዳት። ለምን ከበዳት? ቆዩ፤ ይመጣል።

ጋሽ ኦይቻና ጋሽ ዳንሳ ሃያ ዓመት አንድ ጀልባ ተጋርተዋል። አንድ ዘንግ፣ አንድ ማጠንጠኛ ነበራቸው። አንዱ ሲቀዝፍ ሌላው ይወረውራል፤ አንዱ ሲስብ ሌላው ያነሣል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ማጠንጠኛው ከጀልባው ጠፋ። በዚያ ዳርቻ ደግሞ አንድ ሕግ አለ፦ ከጀልባ ዕቃ ሲጠፋ የሚጠያየቁት ጀልባውን የሚጋሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሦስተኛ ሰው አይጠየቅም፤ ሦስተኛ ሰው መጠየቅ ነውር ነው። ጋሽ ኦይቻ ጋሽ ዳንሳን ጠየቁ። ጋሽ ዳንሳ ማሉ። ጋሽ ኦይቻም በጀልበኛው ሁሉ ፊት አንዲት ቃል ተናገሩ። «ሌባ» አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ጀልባው ለአንዱ፣ ዘንጉ ለሌላው ሆነ፤ ሰላምታም ቀረ። የጋሽ ኦይቻ ሚስት ሲቀበሩ እንኳ ጋሽ ዳንሳ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ከመቃብሩ አጥር ውጭ ቆሙ እንጂ አልገቡም።

አሁንም ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ጋሽ ዳንሳ፣ ዘንጉን ያውሱኝ» አለች ውዳላት መሬት መሬቱን እያየች።

«ለኦይቻ ነው?»

«አዎ። ሾርባ አማራቸው።»

ጋሽ ዳንሳ ወደ ግድግዳው አዩ። «እኔም ሰውነቱን አይቻለሁ፤ ከስቷል። ዘንጉ ይኸው፤ ግን ሌባ ዘንግ አያውስም። መጀመሪያ ቃሉን ይመልስ!» ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። «ባንቺ ላይ እንዳልከፋሁ እወቂ ልጄ። አንቺ ምን አደረግሽ?»

ውዳላት ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

ድስቱ ያለ ዓሣ አልፈላም አለ፤ ዓሣው ያለ ወፍራም ክር አልወጣም አለ፤ ክሩ ያለ ደንዳና ዘንግ አልወረወርም አለ፤ ጋሽ ዳንሳ ቃሉ ካልተመለሰ ዘንጉን አልሰጥም አሉ። ወደ ጋሽ ኦይቻ ተመለሰች።

«ጋሼ፣ ቃሉን ይመልሱላቸው።»

«ማጠንጠኛዬ ይመለስ» አሉ ጋሽ ኦይቻ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። «ያን ጊዜ ቃሌ በራሱ እግር ይሄዳል።»

ድስቱ ያለ ዓሣ አልፈላም አለ፤ ዓሣው ያለ ወፍራም ክር አልወጣም አለ፤ ክሩ ያለ ደንዳና ዘንግ አልወረወርም አለ፤ ጋሽ ዳንሳ ቃሉ ካልተመለሰ ዘንጉን አልሰጥም አሉ፤ ቃሉ ማጠንጠኛው ካልተገኘ አልመለስም አለ። ማጠንጠኛውስ የት ነው?

እነሆ መጣ። ማጠንጠኛው ውዳላት አልጋ ሥር፣ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ፣ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ ነበር።

በመጣች በመጀመሪያው ዓመት፣ በሃያ ሦስት ዓመቷ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ዘንግ መወርወር አማራት። ሴት ዘንግ ይዛ ብትታይ ይስቁባታል ብላ ፈራች። ወንዶቹ ምሳ ሊበሉ ሲሄዱ ከታሰረው ጀልባ ዘንጉን አነሣችና ከሾላው ዛፍ ጀርባ ወረወረች። ክሩ ሲበር ያየችው ደስታ የአንድ ትንፋሽ ነበር። ዘንጉ ከእጇ አመለጠ፤ ማጠንጠኛው ድንጋይ መታ፤ እጀታው ተሰበረ። ዘንጉን መለሰች። ማጠንጠኛውን ፈትታ ከተማሪ ደብተሮች መካከል ከተተችው። «አሠርቼ እመልሳለሁ» አለች። ከተማ ያለ ሰዓት ሠሪ በሳምንቱ ጠገነላት። ግን «ሌባ» የሚለው ቃል ማጠንጠኛው በጠፋ ማግሥት ወጥቶ ነበር። ማን ወሰደው ብሎ የጠየቃት የለም። ሦስተኛ ሰው አይጠየቅምና። እርሷም አልዋሸችም፤ ዝም አለች እንጂ። በየወሩ እያወጣች ዘይት ትቀባዋለች፤ ሊመለስ እንደተዘጋጀ ዕቃ፤ አሥራ አንድ ዓመት።

ክፍሏን ዘግታ ተንበረከከች። «ማጠንጠኛ፣ ማጠንጠኛ፣ ውጣልኝ!» ብትለው «ሣጥኑ ካልተከፈተ አልወጣም» አለ። ሣጥኑ «ቁልፉ ካልዞረ አልከፈትም» አለ። ቁልፉ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ነው። «እኔስ ልዙር፤ ከየት አመጣሽው ሲሉሽ ምን ልትይ ነው? አፍሽ ካልተናገረ አልዞርም» አለ። ሸምበቆው ውስጥ ጥዬው ሰው ያግኘው አለች በልቧ፤ ወዲያው ደግሞ ዳንሳ ደብቆ ጣለው ማለታቸው አይቀርም ብላ ተወችው። ወደ አፏ ዞረች። አፏ «ሐፍረት ካልለቀቀኝ አልናገርም» አለ። ሐፍረትስ? ሐፍረት ምንም አላለም። ሐፍረት ይቀመጣል እንጂ አይናገርም።

ድስቱ ያለ ዓሣ አልፈላም አለ፤ ዓሣው ያለ ወፍራም ክር አልወጣም አለ፤ ክሩ ያለ ደንዳና ዘንግ አልወረወርም አለ፤ ጋሽ ዳንሳ ቃሉ ካልተመለሰ ዘንጉን አልሰጥም አሉ፤ ቃሉ ማጠንጠኛው ካልተገኘ አልመለስም አለ፤ ማጠንጠኛው ሣጥኑ ካልተከፈተ አልወጣም አለ፤ ሣጥኑ ቁልፉ ካልዞረ አልከፈትም አለ፤ ቁልፉ አፏ ካልተናገረ አልዞርም አለ፤ አፏ ሐፍረት ካልለቀቀኝ አልናገርም አለ። ሐፍረት ተቀምጧል።

ከሰዓት በኋላ አጥሚት ይዛላቸው ገባች። ጋሽ ኦይቻ በእጃቸው ጀርባ ገፉት።

«ሾርባው ይቅር ልጄ። ደብተርና እስክሪብቶ አምጪ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ጻፊልኝ።»

«ምን ልጻፍ ጋሼ?»

«ስሞት ዳንሳ ቀብሬ ላይ አይቁም ብለሽ ጻፊ። ከአጥሩ ውጭም ቢሆን።»

ውዳላት «ስሞት» ብላ ጻፈች። «ዳንሳ» ብላ ጻፈች። ከዚያ እስክሪብቶው ቆመ። «አልጽፍም» አለ። «በዚህ እጅ ማጠንጠኛውን ወስደሽ፣ በዚሁ እጅ ሰውየውን ከቀብር ልታባርሪው? አልጽፍም!»

አሥራ አንድ ዓመት የጠየቃት የለም። አሁንም የጠየቃት አልነበረም።

«ጋሼ» አለች።

«እ?»

«ማጠንጠኛውን የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

ሐፍረት አልሄደም፤ ፈቀቅ ብቻ አለ። እርሱ ፈቀቅ ሲል አፏ ተናገረ፤ አፏ ሲናገር ቁልፉ ዞረ፤ ቁልፉ ሲዞር ሣጥኑ ተከፈተ፤ ሣጥኑ ሲከፈት ማጠንጠኛው ወጣ።

ጋሽ ኦይቻ ተቀበሉት። እጀታውን አንድ ጊዜ አዞሩት። ሲጢጥ ሳይል ዞረ።

«ዘይት ቀብተሽዋል» አሉ።

«በየወሩ።»

«አሥራ አንድ ዓመት?»

«አሥራ አንድ ዓመት ጋሼ።»

እጀታውን ደግመው አዞሩት። ቢቆጧት፣ ውጪልኝ ቢሏት ይቀላት ነበር። በኋላ ግን በክንዳቸው ተደግፈው ተነሡ። «ቃሌ በራሱ እግር ይሄዳል ብዬ ነበር። እግሩ እኔ መሆኔ ነው። ነይ፤ አንቺም ትሄጃለሽ።»

ጋሽ ዳንሳ ደጅ ሲደርሱ ጋሽ ኦይቻ ቁጭ አላሉም። «ዳንሳ፣ ያን ቃል ሰጥቼህ ነበር። ያንተ አልነበረም። መልስልኝ፤ እኔው ልሸከመው።»

ጋሽ ዳንሳ ማጠንጠኛውን አዩ፤ ከዚያ ውዳላትን አዩ። ነጠላዋ ወደ አፏ ሄዶ ነበር፤ አወረደችው።

«እኔ ነኝ ጋሽ ዳንሳ። ሰበርኩት፤ ፈራሁ፤ ዝም አልኩ።»

«ሚስቱ ስትቀበር አጥር ውጭ ቆሜ አይተሽኛል?»

«አይቻለሁ።»

«ያን ቀንም ዝም አልሽ?»

«ያን ቀንም።»

«ይህንን ለእኔ ብቻ አትነግሪኝም» አሉ ጋሽ ዳንሳ። «ቃሉ በጀልበኛው ሁሉ ፊት ነው የወጣው። እዚያው ትናገሪዋለሽ።»

ተናገረች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ያለ ሰሌዳ፣ ያለ ጠመኔ። ድምፅዋ እስከ መጨረሻው ጀልባ ተሰማ። ወይዘሮ ትርፌ እንኳ አልሳቀችም።

ከዚያማ ምን ያቆመዋል? ማጠንጠኛው ሲገኝ ቃሉ ተመለሰ፤ ቃሉ ሲመለስ ጋሽ ዳንሳ ዘንጉን አወረዱ፤ ዘንጉ ሲወርድ ወፍራሙ ክር ከወይዘሮ ትርፌ ሱቅ መጥቶ ተጠቀለለ፤ ሦስቱም በጀልባው ወደ ሸምበቆው ሄዱ። ጋሽ ዳንሳ ሊወረውሩ ተነሡና ቆም አሉ። ዘንጉን ወደ ውዳላት ዘረጉት።

«ለዚህ አይደል ይህ ሁሉ የመጣው? በይ ወርውሪ፤ ሰው እያየሽ ወርውሪ!»

ወረወረች። ክሩ በረረ። ነጭ ዓሣው መንጠቆውን ያዘና ሊጠመጥም ዞረ፤ ደንዳናው ዘንግ ጎበጠ፤ ጋሽ ኦይቻ ማጠንጠኛውን አሽከረከሩ፤ ጋሽ ዳንሳ አነሡት። ዓሣው «እሺ፣ ወጣሁ!» አለ። ድስቱም ፈላ።

ጋሽ ኦይቻ አንድ ሲኒ ጠጡ፤ ደገሙም። ጋሽ ዳንሳ ከጋሽ ኦይቻ አጥር ውስጥ ተቀምጠው ጠጡ። ውዳላትም ሲኒዋን ተቀበለች፤ አቀርቅራ ጠጣች እንጂ ቀና አላለችም፤ አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ሲኒ አይታጠብም። ማን ይቅር እንዳለ፣ መቼ እንዳለ፣ ተረቱ አያውቅም።

የሚያውቀው ይህን ነው፦ ከዚያ ወዲህ በዚያ ዳርቻ ዕቃ ሲጠፋ፣ ሁለቱ ጀልበኞች ተጠይቀው ሲያበቁ፣ ሦስተኛው ሰውም ይጠየቃል። ጠያቂዋም ውዳላት ናት። አጠገቡ ትቀመጥና፣ ዝግ ብላ፣ ፊቱን ሳታይ ትጠይቀዋለች።

ተረቴን መልሱልኝ። አፌን ግን በዳቦ አታብሱት፤ ለመከፈት ብዙ ደክሟል።