ሩሯ ዘግይታ የተወረወረችበት ገና

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ከኋላ ያላችሁም ስሙኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩ ሰው አይደለሁም፤ የሰማሁትን እንደሰማሁት ነው የምነግራችሁ። እናንተ ብቻ «እሺ» እያላችሁ ተከተሉኝ፤ እሺ የሚለኝ ሰው ከጠፋ ነገሩ ከአፌ ላይ ይጠፋብኛል።

አንጓች የምትባል ሴት ነበረች፤ የሸንበቆ ወንዝ ሰው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ያላት አንድ ልጅ ነው፣ ዳምጤ ይባላል፤ የገና ጨዋታ ተጫዋች ነው። ዱላውን ይዞ ሲሮጥ ያየው ሁሉ፣ ከነዱላው የተወለደ ነው የሚመስለው። ታዲያ የአንጓችን ዓይን ሞራ እየጋረደው መጣ። መጀመሪያ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃታት። ቀጥሎ ከሩቅ የሚመጣውን ሰው መለየት ተሳናት። በኋላማ ከአሥር እርምጃ ያለፈ ሰው ሁሉ ጥላ ሆነባት። «ለሚመጣው ገና ልጄን ከዛፍ አልለየውም» አለች በልቧ። «ዘንድሮን ብቻ፣ አንድ ጊዜ፣ ሲጫወት ፊቱን ልየው።»

ሸንበቆ ወንዝና ወይራ አምባ አንድ ዓመት እዚህ፣ አንድ ዓመት እዚያ ነው የሚጋጠሙት። ዘንድሮ ተራው የወይራ አምባ ነው። የሸንበቆ ወንዝ ሰው ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን እየዘፈነ ወጣ፤ አንጓችም ምርኩዟን ይዛ አብራ ወጣች። እንግዳው ወገን እንዲቆምበት የተሰጠው ቦታ ግን ከሜዳው በታች ነው፤ ተዳፋት ነው፣ ፀሐይም ፊት ለፊት ይመታል። አንጓች ከዚያ ሆና ብታይ ብታይ አቧራ ብቻ ሆነባት።

በሜዳው አጋማሽ፣ ዳሩ ላይ፣ ከወይራ ዛፍ ሥር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ተጫዋቾቹ ከእሷ በሦስት እርምጃ ርቀት ነው የሚያልፉት። አንጓች የፈለገችው ይቺን ድንጋይ ነው። ሌላ ምንም አልፈለገች።

ድንጋዩ ላይ ዘርጋው የሚባል የወይራ አምባ ሰው ተንሰራፍቶ ተቀምጧል። ስትመጣ አያትና በእንግዳ ሳቀ፤ በገና ቀን መሰዳደብ ነውር የለውም፣ ታውቁት የለ።

«የሸንበቆ ወንዝ ሰው ዱላው ሸንበቆ፣
ገና ሳይጀምር አለቀ ደቆ!» አላት።

አንጓች ምን ትሁን? እሷም አፍ አላት።

«የወይራ አምባ ሰው መሬት ተጣብቆ፣
ድንጋይ ይጠብቃል ጨዋታውን ንቆ!» አለችው። በዙሪያው ያለው ሰው ሳቀ፤ ራሱ ዘርጋውም ሳቀ።

«እሱስ ደግ አልሽ። ምን ፈለግሽ?»

«አያ ዘርጋው፣ ዓይኔ እየሄደ ነው። ልጄን ልይበት፣ ድንጋዩን ልቀቅልኝ።»

ዘርጋው ሳቁን ተወ። «መቀመጫ የሚለቀቅ ለእንግዳ ነው። በእኛ አገር እንግዳ የሚባለው ጠላችንን የቀመሰ ነው። አልቀመስሽም። ሚስቴ ድንቄ ትቅዳልሽ፣ እኔም እነሳልሻለሁ።»

ዘርጋው ከድንጋዩ አልተነሳም፤ አንጓችም ቆማ ቀረች።

ወደ ድንቄ ሄደች። ድንቄ ጋኗን በቅጠል ከድና፣ ክንዷን አጣምራ ቆማለች። «ድንቄ፣ እስቲ አንድ ጭልፋ ቅጂልኝ።»

«እሜቴ፣ እኔ ለእርስዎ ጠላ የምነፍግ ሴት ነኝ? ግን የገና ጠላ ሩሯ ሳትወረወር አይቀዳም። የእናቴም እናት አልቀዳችም። ዳኛውን አባ ታምሬን ይጠይቁ፤ እሳቸው ሩሯን ይወርውሩ፣ እኔም እቀዳለሁ።»

ሩር ማለት፣ እንግዲህ ለማታውቁት፣ ከወይራ ሥር የተጠረበች፣ ጡጫ የምታህል ድቡልቡል እንጨት ናት፤ በዱላ የምትመታው እሷ ናት።

ድንቄ ጠላ አልቀዳችም፤ ጠላ ሳይቀዳ ዘርጋው ከድንጋዩ አልተነሳም፤ አንጓችም ቆማ ቀረች።

አባ ታምሬ መሐል ሜዳ ላይ፣ ሁለቱ ወገን ዱላውን ይዞ ከቧቸው፣ ባዶ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። «አባ ታምሬ፣ ምነው ሩሯን አይወረውሩም? ቀኑ ሄደ እኮ።»

«ምኔን ልወርውር፣ አንጓች? ቆቤን?» አሉ። «ሩሯ ያለችው ጠራቢው ወንድይራድ ጋ ነው። በየዓመቱ በእጁ አምጥቶ ይሰጠኛል። ዛሬ ከበሩ ላይ ተቀምጦ አልነሳ ብሏል። ሩሯን ይስጠኝ፣ እወረውራለሁ።»

አባ ታምሬ ሩሯን አልወረወሩም፤ ሩሯ ሳትወረወር ድንቄ ጠላ አልቀዳችም፤ ጠላ ሳይቀዳ ዘርጋው ከድንጋዩ አልተነሳም፤ አንጓችም ቆማ ቀረች።

የወንድይራድ ቤት ሜዳው አፋፍ ላይ ነው። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ሩሯን በሁለት እጁ ይዟል። አንጓች ሰላምታ ሰጠችው፤ እሱም ለሰላምታዋ ተነሳ፤ ሰው ነውና።

«ወንድይራድ፣ አገር ሁሉ ያንተን እጅ ይጠብቃል።»

«ይጠብቅ። ከአንድ የወይራ ሥር ሁለት ነገር ጠርቤ ነበር። አንዷ ይቺ ሩር ናት። ሁለተኛው የልጄ ዱላ ነው። ዱላው ካምና ገና ጀምሮ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል። አንዱን ሰቅዬ አንዱን አላጫውትም። እናቱ ስንዱ ዱላውን ታውርድ፣ ሩሯንም ውሰጂ።»

አንጓች «የልጄ ዱላ» ሲል ልቧ ደንገጥ አለ። ምርኩዟን ጠበቅ አደረገች።

ወንድይራድ ሩሯን አልሰጠም፤ ሩሯ ሳትሰጥ አባ ታምሬ አልወረወሩም፤ ሩሯ ሳትወረወር ድንቄ ጠላ አልቀዳችም፤ ጠላ ሳይቀዳ ዘርጋው ከድንጋዩ አልተነሳም፤ አንጓችም ቆማ ቀረች።

እሺ በሉ እንጂ! አዎ፣ እንደሱ።

ቤት ውስጥ ገባች። ስንዱ ምሰሶውን ተደግፋ ቆማለች፤ ከራሷ በላይ ጫፉ የጎበጠ ዱላ ተሰቅሏል፣ ጥቀርሻ ለብሷል። «ስንዱ፣ ዱላውን አታወርጂም?»

«እጄ ያጥራል መሰለሽ፣ እናቴ? አያጥርም። ዱላው የአስማረ ነው። አስማረ ከጓሮ ነው ያለው፤ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ተቀምጧል። የገና ዘፈን ከተሰማ ጀምሮ ፊቱን አላዞረም። እሱ ፊቱን ያዙር፣ ዱላውንም አወርዳለሁ። ያለዚያ ለማን ብዬ?»

ስንዱ ዱላውን አላወረደችም፤ ዱላው ሳይወርድ ወንድይራድ ሩሯን አልሰጠም፤ ሩሯ ሳትሰጥ አባ ታምሬ አልወረወሩም፤ ሩሯ ሳትወረወር ድንቄ ጠላ አልቀዳችም፤ ጠላ ሳይቀዳ ዘርጋው ከድንጋዩ አልተነሳም፤ አንጓችም ቆማ ቀረች።

ከጓሮ ዞረች። አንድ ወጣት ግንድ ላይ ተቀምጧል። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ጠምሟል፤ አጥንቱ ተሰብሮ ተጣሞ ነው የገጠመው። አንጓች ቀረብ ብላ አየችው፤ እግሩንም አየች። በሩቁ ያለውን ሁሉ የሚደብቅባት ያ ዓይን፣ ይሄንን አልደበቀላትም።

«ልጄ» አለች፤ «ምነው ፊትህን ወደ ጨዋታው አታዞርም?»

እሱ ዞር አላለም። ድምፅዋንም አላወቀም። «ቃል እየጠበቅሁ ነው፣ እማማ» አለ። «አምና ሸንበቆ ወንዝ ወርደን ስንጫወት አንድ ልጅ ዱላውን ሲወነጭፍ እግሬን መታኝ። አውቆ አይደለም፤ አይቼዋለሁ፤ ዱላውን ጥሎ ነው ወደ እኔ የሮጠው። በገና ሜዳ የተመታ አይከስም፣ የመታም አይክስም፤ ደንባችን ነው። እኔም ካሣ አልጠየቅሁም። ስድስት ወር ተኝቼ መንገዱን አይ ነበር። ከዚያ አገር አንድ ሰው መጥቶ ‹እግዜር ይማርህ› ይለኛል ብዬ። ውሻ እንኳ አልመጣም። ያ ቃል ይምጣ፣ ፊቴን አዞራለሁ።»

እንግዲህ አሁን ዝም ብላችሁ ስሙኝ፤ እሺም አትበሉኝ።

አንጓች እዚያው ደርቃ ቆመች። ብትሄድ የሚያውቃት የለም። ምርኩዟን ይዛ፣ ቤቱን ዞራ፣ ወደ ተዳፋቱ ብትወርድ ማን ያያታል? ቃሉ ሳይመጣ አስማረ ፊቱን አያዞርም፤ አስማረ ፊቱን ሳያዞር ስንዱ ዱላውን አታወርድም፤ ዱላው ሳይወርድ ወንድይራድ ሩሯን አይሰጥም፤ ሩሯ ሳትሰጥ አባ ታምሬ አይወረውሩም፤ ሩሯ ሳትወረወር ድንቄ ጠላ አትቀዳም፤ ጠላ ሳይቀዳ ዘርጋው ከድንጋዩ አይነሳም። ሁሉን ዞራ ለመነች። ቃሉን የያዘው ማን ነው? ራሷ ናት።

«አስማረ» አለች፤ «እኔ የዳምጤ እናት ነኝ።»

የልጁ ጀርባ ቀጥ አለ።

«ያን ዕለት ልጄ እህል አልቀመሰም። ‹እማዬ፣ ሄጄ ልጠይቀው› አለኝ። ደጃፉ ላይ ቆሜ ከለከልኩት። ‹ደንቡ ነፃ አውጥቶሃል፤ ከሄድክ ጥፋተኛ ነኝ ማለትህ ነው፣ ይይዙሃል› አልኩት። በማግስቱም ለመነኝ። በሳምንቱም ለመነኝ። ከዚያ ልመናውን ተወ። ከእኔ ጋር መጫወቱንም ተወ፤ አንድ ቤት እያደርን ‹እህ› እና ‹አዎ› ብቻ ሆነ ንግግራችን። ደንቡ አትካሰሱ አለን እንጂ አትጠያየቁ አላለንም ነበር፤ እኔ ነኝ የጨመርኩበት።» ምርኩዟን መሬት ላይ አኖረች። «እግዜር ይማርህ፣ ልጄ። አንድ ዓመት ዘግይቶ ነው የመጣው፤ ያዘገየሁትም እኔ ነኝ።»

«እኔ ዳምጤ ረሳኝ ብዬ ነበር» አለ አስማረ። «ከምቱ ይልቅ ያመመኝ እሱ ነበር።»

ፊቱንም አዞረ።

አስማረ ፊቱን ሲያዞር ስንዱ ዱላውን አወረደች፤ ጥቀርሻውን በቀሚሷ ጠረገች። ዱላው ሲወርድ ወንድይራድ ሩሯን ሰጠ። ሩሯ ስትሰጥ አባ ታምሬ «በስመ አብ!» ብለው ወረወሩ። ሩሯ ስትወረወር ድንቄ ጋኗን ከፈተች፣ ጠላ ቀዳች። አንጓች ጠላውን ስትቀምስ ዘርጋው ከድንጋዩ ብድግ አለ። «ድሮም ልነሳ ነበር፤ እግሬ ደንዝዞ ነው» አለ። ማንም አላመነውም። አንጓችም ተቀመጠች።

ተቀመጠች፤ ግን ምን ታያለች? እግር ይሮጣል፣ አቧራ ይነሳል፣ ጥላ ከጥላ ጋር ይጋጫል። በሦስት እርምጃ ቢያልፉም ሮጠው ነው የሚያልፉት፤ ከአሥሩ ጥላ የትኛው ልጇ እንደሆነ አልለየችም። እንባዋ ሲጨመርበት ያችው ጭላንጭልም ጠፋች።

አስማረ እያነከሰ መጣ። «ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ፣ እማማ።» ጎኗ ተቀመጠ፤ ድንጋዩ ለሁለት ይበቃ ነበር። «ይኸው ሩሯ ከእኛ ልጆች ጋ ናት… አሁን ዳምጤ ነጠቀ… ብቻውን ነው፣ ሁለቱን አለፈ፣ ወደ እኛ እየመጣ ነው… እማማ፣ አየን! ቆመ!»

ዳምጤ እናቱን አስማረ ጎን ተቀምጣ አያትና መሐል ሩጫ ላይ ቆመ። ሩሯን ትቷት ወደ ድንጋዩ መጣ። የሸንበቆ ወንዝ ደጋፊ ከተዳፋቱ ጮኸ፤ «ዳምጤ! አበድክ? ሩሯ! ሩሯ!» አልሰማም። አስማረ ፊት ተንበርክኮ የጠመመውን እግር ጉልበት ሳመ። «እግዜር ይማርህ» አለው።

ያን ጊዜ አንጓች አየችው። ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ፣ አፍንጫው ላይ የተጣበቀውን አቧራ፣ ላቡን፣ ከላቡ ጋር የሚወርደውን እንባ፣ ሁሉን አየች። እሱም ቀና ብሎ «እማዬ» አላት። ዓመት ሙሉ እንዲህ አላላትም ነበር።

«ሂድ እንጂ!» አለ አስማረ ትከሻውን እየገፋ፤ «ሩሯን ወሰዱብህ፣ ሞኝ!»

በዚያች ሩር ሸንበቆ ወንዝ ተሸነፈ። እውነቱን ነው የምነግራችሁ፤ ተሸነፈ። ወይራ አምባዎች ድንጋዩን ከበው እየጨፈሩ ሰደቧት፤ ዘርጋው ከሁሉ በላይ ሰደባት። አንጓች ግን ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ለልጇ ትጮህ ነበር፤ ጨዋታው ካለቀ በኋላም አላቆመችም።

እኔ ይሄን ነው የሰማሁት። እናንተ ነገሬን ውሰዱት፤ ለእኔ ግን ከዳር አንዲት ድንጋይ ተዉልኝ፣ ሰፋ ያለች፣ ለሁለት የምትበቃ።