ጓንጉልና የሦስት ወሩ እንግዳ

የግምጃ አምባ ሰዎች የጓንጉልን ነገር ሲያወሩ አንዱ የሌላውን ያርማል። እዚህ የተጻፈው ሳይጣሉ የተስማሙበት ብቻ ነው።

ጓንጉል የደጃዝማች ዘለለው አሽከር ነበር። እናትና አባቱን ክፉ ቀን ወሰዳቸው፤ እሱ የነጋዴ በቅሎ እየጫነ አደገ። ወደ ባሕር ጠረፍ ሲመላለስ የፈረንጅ ቋንቋ ለቃቀመ። ስለዚያ ዘመን ከጠየቁት «ጫንሁ፣ አራገፍሁ» ይላል፤ ሌላ አይጨምርም።

ሙሴ ቴዎፊል የሚባል ፈረንጅ አበባና ሣር ሊሰበስብ፣ ለሦስት ወር ብሎ ሲመጣ፣ ደጃዝማቹ ጓንጉልን ባልደራባ አድርገው ሰጡት። በዚያ ዘመን እንግዳ ያለ ባልደራባ ጌታ ፊት አይቀርብም፤ ያለ ጌታውም ፈቃድ ከሀገር አይወጣም። ለፈረንጁ ቤት ተሰጠው፤ የየቀኑ እንጀራ፣ ወጥና ጠላ ድርጎ ተቆረጠለት። ባልደራባውም አብሮት ያድራል፣ ከዚያው ይበላል። ጓንጉል በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ከማያፈስ ጣራ ሥር ገባ።

ደጃዝማቹ የአዳራሹ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሰንሰለት አሳዩትና «ፈረንጁ ትእዛዜን የተላለፈ እንደሆነ በዚህ የምትታሰረው አንተ ነህ» አሉት።

ጓንጉል ሰንሰለቱን አየት አደረገው።

«ድርጎው እዚያም ድረስ ይመጣል፣ ጌታዬ?»

*

አንድ ቀን ሙሴ ቴዎፊል ካርታ ዘረጋ። የእሱ ሀገር ዙሪያው በስም ብዛት ጠቁሯል። ግምጃ አምባ ባለችበት በኩል ግን ባዶ ነጭ ወረቀት ነው፤ ሠዓሊው ባዶነቱ ከብዶት ይመስላል አንድ ዝሆን ስሎበታል።

«የእናንተን ሀገር እኛ ዘንድ ማንም አያውቃትም» አለ ሙሴ እያዘነ። «ሰው መኖሩንም የሚጠራጠሩ አሉ።»

ጓንጉል ነጩን ቦታ በጣቱ ዳበሰው።

«እባክህ አንድ ቅጂ ለግብር ሰብሳቢያችን ስጥልን።»

*

ሌላ ጊዜ ፈረንጁ ከገደል አፋፍ አንድ ወፍራም ሥር ነቅሎ እየሮጠ መጣ። በዓለም ላይ እስከ ዛሬ ማንም የማያውቀው ተክል እንደሆነ፣ መጀመሪያ ያገኘው እሱ እንደሆነ፣ በመምህሩም ስም እንደሰየመው ትንፋሽ እያጠረው ተናገረ።

ጓንጉል ሥሩን ተቀብሎ አሸተተው። በክፉው ቀን ሁለት ወር ሙሉ ይህንኑ ቀቅሎ በልቷል።

«መምህርህ ይህን ያህል መራራ ሰው ነበር?»

*

ግራዝማች አበጋዝ የሚባሉ፣ ሰላምታ እንኳ ቆንጥረው የሚሰጡ ቋጣሪ ባለመሬት ነበሩ። «ፈረንጁ ከመሬቴ ሣር ሰረቀኝ» ብለው ከሰሱ። እንደ ወጉ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛው እስኪሰየም ድረስ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ይውላሉ። ሙሴ ኩታ አይለብስም፤ ስለዚህ የግራዝማችን ኩታ ጫፍ ከኮቱ ጅራት ጋር ቋጠሩት።

«ለምንድን ነው ያሰሩን?» አለ ሙሴ።

«ብቻህን እንዳትውል» አለው ጓንጉል።

የፈረንጁ ዓይን እንባ አቀረረ። «በሀገሬ አሥራ ሁለት ዓመት ጎረቤቴ የነበረ ሰው ስሜን አያውቅም ነበር» አለ። ከዚያም ደስ ብሎት፣ እንደ ልማዱ፣ ሣር ሊለቅም ወደ ኮረብታው አቀና። ቋጠሮውን መፍታት ክሱን መጣል ነውና ግራዝማች አልፈታም ብለው ተጎተቱ። አንድ ኮረብታ ወጡ፤ ወረዱ፤ ሁለተኛውን ያዙ። ሙሴ መንገዱን ሁሉ የየአበባውን ስም ይነግራቸዋል። ሲመለሱ የግራዝማች ኩታ እሾህ በእሾህ ሆኗል፤ ድምፃቸውም ጠፍቷል። ዳኛው ፊት ቀርበው ክሱን መተዋቸውን በእጃቸው አመለከቱ።

«ምን አግኝተው ነው የሚተዉት?» አለ ዳኛው።

«ተከሳሹ ገና ሦስት ኮረብታ ይቀረዋል፣ ጌታዬ» አለ ጓንጉል።

*

ሦስቱ ወር ሲያልቅ ሙሴ መሰናበቻ ጠየቀ። ደጃዝማቹ ጨዋታውን ወደውት ነበርና «ነገ» አሉት። በማግሥቱ ሻንጣውን ሸክፎ ደጅ ጠና። «ነገ» አሉት። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰባት ዓመት ሞላው። አማርኛ ለመደ፤ ለቅሶ ይደርሳል፣ ሠርግ ይጠራል፤ እስከ ቁርስ ድረስ ሦስት ሰው «ደኅና አደርህ?» ካላለው የታመመ ይመስለዋል። ማማረሩን ግን አልተወም።

«ቁንጫው፣ ጭቃው፣ በርበሬው፣ ነገ የሚሉት ነገር» ይላል። «እኔ እኮ ለሦስት ወር ነበር የመጣሁት።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ መከራ በሦስት ወር እንዴት ትጨርሰው ነበር?» አለው ጓንጉል።

*

በዚያው ዓመት፣ በፋሲካ ግብር ላይ፣ ደጃዝማቹ ቸርነት አማራቸው።

«ሙሴ፣ ይኸው ፈቅጄልሃለሁ፤ አገርህ ግባ። የምትሄድባትንም በቅሎ ሸልሜሃለሁ።»

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ፈረንጁ የጠቀለለውን ጉርሻ ወደ መሶቡ መለሰው። እንግዳ ለጌታ የሚናገረው በባልደራባው አፍ ነውና ወደ ጓንጉል ጆሮ ጎንበስ አለ። «አልሄድም በልልኝ።»

የጌታን ቸርነት በግብር ላይ መመለስ ስድብ ነው፤ ትእዛዝ መተላለፍም ነው። ጓንጉል ግድግዳው ላይ ያለውን ሰንሰለት አየ። የማያፈሰውን ጣራ አሰበ።

«እጅ ነሥቷል፣ ጌታዬ። ነገ ይሄዳል።»

በማግሥቱ ሙሴ ሣር ሲለቅም ዋለ። በሳልስቱም። በወሩ ደጃዝማቹ በዚያ ሲያልፉ የሸለሟት በቅሎ ከፈረንጁ ደጅ ታስራ ገብስ ስትበላ አገኟት። ጓንጉልን አስጠሩት። ሰንሰለቱ ከግድግዳው ወርዶ እግራቸው ሥር ተቀምጧል።

«ነገ ይሄዳል አላልኸኝም?»

«ብያለሁ፣ ጌታዬ።»

«ወር ሞላው። ሰባት ዓመት አማርኛ ስታስተምረው ኖረህ፣ ነገ ማለት መቼ እንደሆነ አልነገርኸውም?»

ጓንጉል እስከ ጉልበቱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«ሌላውን አማርኛ ያስተማርሁት እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ነገን ግን የተማረው ከእርስዎ ነው።»