የሼህ ቡሽራ ደጃፍ ድንጋዮች

ቢስሚላህ ብዬ ልጀምር፤ ካልያዝኩት ደስታው ቀድሞኝ ሊያወራው ነው።

በአንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ ስሟ ይቆየንና፣ ሼህ ቡሽራ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሲራመዱ መሬቷን ያመማት ይመስል ቀስ ብለው የሚረግጡ። ከተማዋ ከቅድመ አያት የቆየ የድንጋይ መስጂድ ነበራት። ድንጋዩ አንድ በአንድ በመሮ የተጠረበ ነው፤ ፊቱ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰለፈ መስመር አለው። ያንን ጥርብ ሌላ ቦታ አታገኙትም።

ጦርነቱ መጣ። ከባድ መሣሪያ ሚናራውን፣ የአዛኑን ማማ፣ መታው፤ እሱም የጎኑን ግድግዳ ይዞ ወረደ። ሚህራቡ፣ ኢማሙ ቆሞ የሚያሰግድበት ጎድጓዳ፣ ያለበት የቂብላው ግድግዳ ብቻውን ቆሞ ቀረ።

እኛስ ምን አደረግን? ተኩሱ ጋብ ሲል ሄደን ድንጋዩን ለቀምነው። ለክፋት አልነበረም። ቤቱ የተመታበት ጠገነበት፤ ሌላው ለበረካ ብሎ ወሰደ። እኔም፣ አልዋሽም፣ አንዱን አዝዬ መጥቼ የውሃዬን ጋን አስቀመጥኩበት፤ ውሃው በረካ ይኖረዋል ብዬ። ውሃውማ ያው ውሃ ነበር።

ሰላም ሲወርድ ግንበኛው ደምሴ ተጠራ። ደምሴ ክርስቲያን ነው፤ አባቱም ግንበኛ ነበሩ፤ የእኛን መስጂድ እንደ ራሱ ደጀ ሰላም ነው የሚያየው። ዞሮ ዞሮ አየና ለሼሁ እንዲህ አላቸው፦

«ሼህዬ፣ የሚህራቡ ግድግዳ ደጋፊ የለውም። ክረምት ሳይገባ ካልደገፍነው በመጀመሪያው ዶፍ ይወርዳል። አዲስ ድንጋይ ደግሞ አሮጌውን አይነክስልኝም። የራሱን አምጡልኝ።»

«ስንት ጎደለህ?»

«ስልሳ ያህል።»

ጁሙዓ ላይ ሼሁ ተነሱ። «ያ ጀማዓ፣ የመስጂድ ድንጋይ ወቅፍ ነው፤ ለአላህ የተሰጠ ነው። ቤቱ ያለ ይመልስ» አሉ።

ማን ይነቃነቅ? የመጀመሪያው መላሽ የመጀመሪያው ሌባ ሊባል ነዋ። እኔ ከሴቶቹ መሃል አንገቴን ደፋሁ። ጎረቤቴ ሐዋ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ፣ «አንቺ፣ ጋንሽ ደህና አደረ?» አለችኝ። እሷ ራሷ ሁለት ድንጋይ ምድጃዋ ሥር አስቀምጣ።

ሁለት ጁሙዓ አለፈ። ደመናው መጥቆር ጀመረ። ደምሴ ጨነቀውና «በየቤቱ ዞሬ ልይ፤ ጥርቡን አውቀዋለሁ» አለ።

«ከእኔ ቤት ጀምር» አሉት ሼሁ።

«የእርስዎ ቤት ከጦርነቱ በፊት የተሠራ አይደል እንዴ?»

«ጀምር አልኩህ።»

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረን ራሱ ደምሴ ነው። የደጃፉን ልስን በመዶሻ መታ መታ ሲያደርገው ጭቃው ረገፈ። ከሥሩ ያ የማበጠሪያ መስመር ብቅ አለ። በግራ ሁለት፣ በቀኝ ሁለት፤ በሩን የተሸከሙት እነሱ ናቸው። ለካ በሼሁ አባት ዘመንም ሌላ ጦርነት መስጂዱን መትቶት ኖሯል፤ አባትየውም እንደኛው አንስተዋል።

ደምሴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሼህዬ፣ ያየነው እኔና እርስዎ ነን። አባትዎ አፈር ሆነዋል። መልሼ ልለስነው። ይሄ ከወጣ የቤቱ ፊት ይወርዳል፤ በክረምት የት ሊገቡ ነው?»

የሼሁ ባለቤት እማማ ዘሀራ ከውስጥ ወጡ። ሁሉንም ሰምተዋል።

«አርባ ዓመት ሙሉ በወቅፍ በር ነው ስገባ ስወጣ የኖርኩት?» አሉ። «በሉ ብርጭቆዎቼን ላውጣና አፍርሱት።»

ሼሁ ፈገግ አሉ። «ሰማህ፣ ደምሴ? አፍርስ ተብለሃል።»

በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያተኛ ሁሉ እያየ፣ የሼህ ቡሽራ ቤት ፊት ወረደ። ሼሁ አንዱን ድንጋይ በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ ጢማቸው ድረስ አቧራ ለብሰው፣ በመንገዱ መሃል ወደ መስጂዱ ሄዱ። ላገኙት ሁሉ «ይህ ከቤቴ የወጣ ነው፤ አባቴ ወስዶት ነበር፤ አፉ በሉት» ይላሉ።

ወላሂ፣ እኔ እግሬ መሬት አልነካም። ቤቴ ሮጥኩ፣ ጋኑን ገለበጥኩት፣ ድንጋዬን አዝዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሐዋ ሁለቱን ተሸክማ እያለከለከች አገኘኋት።

«ጋንሽስ?»

«ፈሰሰ። ምድጃሽስ?»

«ጠፋ፤ ዛሬ ቤቴ ምሳ የለም።»

ሁለታችንም ከነሸክማችን ሳቅን። ከየጎዳናው ሰው እንደ ጉንዳን ተሰልፎ ይመጣል። ሚስኪኗ መሬማ ብቻ ደጇ ላይ ቆማ ታለቅሳለች፤ ባሏ የሞተባት ናት፤ ግድግዳዋ በመስጂዱ ድንጋይ ነው የቆመው። ሼሁ አዩዋትና «ከእሷ ቤት አንድ ሳታስገቡ አንድ እንዳታወጡ» አሉ። ጎረምሶቹ ከወንዝ ድንጋይ እያመጡ አንዱን በአንዱ ተኩላት። ሼሁ የእርስዎንም ቤት እንሥራ ሲባሉ፣ የመሬማ ሳያልቅ አይሆንም አሉ።

ስልሳ የፈለገው ደምሴ ከሰማንያ በላይ ተቆለለለት፤ ከዱሮው ጦርነት የተወሰደው ሁሉ አብሮ መጣ። ክረምቱ ሲገባ ግድግዳው ተደግፎ ነበር። ዶፉ ወረደ፤ ሚህራቡ ቆመ።

ኋላ ሰዎች ሼሁን «ከእርስዎ ቤት ጀምር ያሉት ድንጋዩ መኖሩን አውቀው ነው?» ብለው ጠየቋቸው።

«አላወቅሁም» አሉ። «የሰው ግድግዳ ከማንኳኳቴ በፊት የራሴን ላንኳኳ ብዬ ነው።»

እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይቺ «አላወቅሁም» ናት። እኛ ያለንን እያወቅን ደበቅን፤ እሳቸው የማያውቁትን ፈለጉ። ተቅዋ የሚሉት ይሄው መሰለኝ፤ ማንም ሳይጠረጥርህ የራስህን ልስን ማርገፍ።

ጋኔ ዛሬ በእንጨት ጉማጅ ላይ ተቀምጧል፤ ትንሽ ዘንበል ይላል። ውሃ ስቀዳ ሼሁ ትዝ ይሉኛል። አላህ ለሁላችንም እንዲህ የዘነበለ ጋን ይስጠን።