በልቤ የያዝኩት ርዕስ

አንዲት ሴት ነበረች። ሆሳዕና ከተማ ውስጥ በሆስፒታል የምትሠራ ፋርማሲስት ናት። ታሪኳን እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ግን አልነግራችሁም። ስሟን ከያዛችሁ «እሷ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም» ብላችሁ ቤታችሁ ትገባላችሁ። ዛሬ እንደዚያ ብላችሁ እንድትገቡ አልፈልግም።

ይህች ሴት ሰነፍ አልነበረችም። ከሥራ ስትመለስ እራቷን በልታ ስልኳን ይዛ ትቀመጣለች። ፋርማሲስት የሚፈልግ፣ ቪዛውንም ራሱ ስፖንሰር የሚያደርግ የውጭ አገር ሆስፒታል ታስሳለች። ስንቱ ጋ አመለከተች፤ ስንቱ ዝም አላት። ልቧ ሊቆርጥ ሲል አንዱ መለሰላት። በቪዲዮ ጠየቋት። መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለውን ኢንሱሊን ምን ታደርጊዋለሽ አሏት። ሳቋ መጣ፤ መብራት ሲጠፋ የሚደረገውን የሆሳዕና ፋርማሲስት ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው? ወደዷት። «ቦታው ያንቺ ነው። የስፖንሰርነቱን ማረጋገጫ እኛ እንልክልሻለን። ኦርጅናል ዲግሪሽን አስረጋግጠሽ፣ ፓስፖርትሽን ይዘሽ፣ የቪዛ ማመልከቻውን እስከ ወሩ መጨረሻ ራስሽ አስገቢ» አሏት።

ይኸው ነው። የለፋችበት ነገር እጇ ገባ። ታዲያ ምን አደረገች?

ረቡዕ ማታ ወደ ቤት ኅብረቷ ሄደች። መሪው «የጸሎት ርዕስ ያላችሁ» ሲል እጇን አወጣች። «በልቤ የያዝኩት ርዕስ አለኝ። ጌታ ያውቀዋል» አለች። ሁሉም አሜን አሉ። ማንም ምንድን ነው ብሎ አልጠየቃትም፤ በእኛ ዘንድ እንደዚያ ብሎ መጠየቅ ነውር ነዋ። በልብ የተያዘ ርዕስ አይነካም።

ታውቁታላችሁ አይደል? ውጭ ለመሄድ ፕሮሰስ የጀመረ ሰው አያወራም። ወሬው ከወጣ ይከሽፋል። ዐይን ይገባበታል። ስለዚህ አብሮ አደግ ጓደኛ እንኳን የሚሰማው አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ፣ ፎቶው ሲለጠፍ ነው። ይህን ማን አስተማረን? ከየትኛው መድረክ ላይ ሰማነው? ከመድረክስ አልሰማነውም። ግን ከመድረክ ከሰማነው ሁሉ በላይ የምንታዘዘው እሱን ነው።

ሴትዮዋ ግን አንድ ነገር ከነከናት። ነገሩ ቀለለባት። ያለ ሰው፣ ያለ እጅ መንሻ፣ ማመልከቻ በማስገባት ብቻ እንዴት ውጭ ይኬዳል? የሆነ የሚጎድል ነገር ያለ መሰላት። የሚያውቅ ሰው መጠየቅ አለባት።

እና የሚያውቅ ሰው ነበረ። አጠገቧ ነበረ። መሰለች የምትባል ፋርማሲስት በዚያው ሆስፒታል፣ በዚያው መድኃኒት ማደያ መስኮት ከእሷ ጋር ትሠራለች። ዓመታት አብረው ሠርተዋል። ምሳቸውን ከአንድ ሳህን ይበላሉ። ረቡዕ ማታ ጎን ለጎን ተንበርክከው ይጸልያሉ። ለመሰለች ግን አልነገረቻትም። ለማን ነገረች መሰላችሁ? በቴሌግራም ላገኘችው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቢሮ አለኝ ለሚል፣ አባቱን እንኳ ለማታውቀው ሰው።

እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው። ለእህቷ የዘጋችውን አፍ ለማታውቀው ሰው ከፈተችው።

ሰውዬው ምን ይበላት? «እህቴ፣ ያለ ውስጥ ሰው ቪዛ የሚወጣ ይመስልሻል? ፓስፖርትሽንና ኦርጅናል ዲግሪሽን ይዘሽልኝ ነይ፤ እኔ አስገባልሻለሁ። ደግሞ ለማንም እንዳትነግሪ፤ ሰው ከበዛ ኮታው ይዘጋል» አላት።

ለማንም እንዳትነግሪ። አያችሁት ጨዋታውን? ይህንን እንኳ ማለት አይጠበቅበትም ነበር። እኛ ገና ድሮ አዘጋጅተን፣ አፋችንን ሰፍተን ነው የላክንለት። እሷም ሄደች። የለፋችበትን ዲግሪና ፓስፖርቷን በገዛ እጇ አስረከበች።

ከዚያ በኋላ ስልኩ አይነሳም። ቆይቶ ጭራሽ ተዘጋ። የወሩ መጨረሻ እየቀረበ ነው፤ ሆስፒታሉ የት ደረስሽ እያለ ይጽፍላታል። እንቅልፍ አጣች። ለአለቃዋ «እናቴን አሟት ለሕክምና አዲስ አበባ ልወስዳት ነው» ብላ ፈቃድ ጠየቀች። እናቷ ቤት ቁጭ ብለው በርበሬ ይቀነጥሳሉ። ኅብረቱም ይህን ሰማና ለእናቷ ጾመላት። ልብ በሉ፣ ላልታመሙ እናት ሰው ጦሙን ዋለ።

አዲስ አበባ ደርሳ ወደ ሰውዬው ቢሮ ወጣች። በሩ ተቆልፏል። በሩ ላይ የነበረው ማስታወቂያ ተነቅሎ ሙጫው ብቻ ቀርቷል። ደረጃው ላይ አንዲት ሴት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ተቀምጣለች። ቀና ስትል መሰለች ናት።

መሰለች በዚያ ሳምንት አጎቴ ሞቶብኛል ብላ ነበር የወጣችው።

የመሰለች አፍ እንደ ልማዱ ተናገረ።

«እናትሽ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናት። አጎትሽስ፣ ተቀበሩ?»

መሰለች አንገቷን ደፋች። «ደህና ነው» አለች። «ከብቶቹን እያየ ነው።»

ትስቃላችሁ። ሳቁ። እኔ ግን ሲነገረኝ አልሳቅሁም።

«አንቺንም ያታለለሽ ይሄው ሰውዬ ነው?» አለቻት ሴትዮዋ።

«ከመስቀል በፊት ነው ዲግሪዬን የወሰደው። ይመልስልኛል እያልኩ ስመላለስ ይኸው። አንቺን ምን ብሎ አታለለሽ?»

ሴትዮዋ ነገረቻት። የሥራ ማስታወቂያውን፣ ቃለ መጠይቁን፣ ሆስፒታሉ ያላትን ሁሉ ነገረቻት። መሰለች ስትሰማ ቆይታ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ያዘች።

«ሆስፒታሉ ራሱ ስፖንሰር ካደረገሽ ይሄ ሰውዬ ምን ሊጨምርልሽ ነው? ቀጣሪው ማረጋገጫውን ይልካል፣ አንቺ ታመለክቻለሽ፣ አለቀ። ኦርጅናልሽን ለማንም አትሰጪም። እኔ ከተበላሁ ወዲህ ይህን ሁሉ አንብቤ ጨርሻለሁ። የውጭ አገሩን የፋርማሲስት መመዝገቢያ ፈተናም እያጠናሁ ነው። መጽሐፉን ከግሉኮስ ካርቶኑ ኋላ ነው የምደብቀው።»

«ከማን ነው የምትደብቂው?»

በዚያ የመድኃኒት ክፍል ውስጥ የሚሠሩት እነሱ ሁለቱ ናቸው።

«ለምን አልነገርሽኝም፣ መሰለች?»

«አንቺስ መቼ ጠየቅሽኝ?»

እስቲ ፍረዱ። አንዷ በዚያ ሰው ተቃጥላለች፤ ሌላዋ ወደዚያው እሳት እየሄደች ነው። በመካከላቸው ያለው አንድ ወንበር ነው። አንዲት ቃል ብትወጣ ይህች ሴት ዛሬ ውጭ አገር ሥራዋ ላይ ነበረች። አልወጣችም። አንዷ ዐይን እንዳይገባባት፣ ሌላዋ ተሞኘች እንዳትባል፣ ሁለቱም ጌታ ያውቀዋል አሉ። ጌታማ ያውቃል። ጌታ እኮ አልተጭበረበረም።

የወሩ መጨረሻ ደረሰ፣ አለፈ። ሆስፒታሉ በትሕትና ይቅርታ ጠይቆ ቦታውን ለሌላ ሰጠ። የዲግሪው ምትክ ይሰጠኝ እያለች ዛሬም ትንከራተታለች።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ የአንድ አጭበርባሪ ወሬ ነው። ኋላ ላይ ለፖሊስ አመልክተዋል፤ እሱን ሕግ ያግኘው። ዛሬ ከእሱ ጋር ጉዳይ የለኝም፤ እዚህ አልተቀመጠም። ደሜን የሚያፈላው ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ያን ዕለት ከዚያ ደረጃ ወርደው ወደ ሆሳዕና ሲመለሱ መኪና ውስጥ መሰለች «ለማንም አንናገር። ሰው ምን ይለናል?» አለች። ሴትዮዋም እሺ አለች። ይህን ሁሉ አይተው፣ በዝምታ ተቃጥለው፣ በዝምታ ተስማሙ።

ረቡዕ ማታ ኅብረቱ ተሰበሰበ። «እማማ እንዴት ናቸው?» ተባለች። «ጌታ ይመስገን፣ ተሽሏታል» አለች። ሰዉ አጨበጨበ። ከዚያ ናሆም የሚባል ወንድም እጁን አወጣ። ናሆም የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው፤ በወባ ምርምር ላይ ይሠራል። የሁለት ልጆች አባት ነው፣ ጭምት ሰው ነው።

«በልቤ የያዝኩት ርዕስ አለኝ» አለ። «ነገ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ሰነዶቼን የምሰጠው ሰው አለ። በእሱ ፊት ሞገስ እንዳገኝ ጸልዩልኝ።»

ሴትዮዋ ቀና አለች። ሰነዶቼን ሲል የትኛውን ሰነድ እንደሆነ፣ የሚሰጠው ሰው ምን እንደሚለው፣ ቃል በቃል ታውቃለች። ወደ መሰለች ዞረች፤ መሰለች ምንጣፉን ታያለች። ሴትዮዋ አፏን ልትከፍት አለች። ብናገር ቀናችብኝ ይለኛል፣ መንገዴን ልትዘጋ ነው ይለኛል አለች በልቧ። ደግሞ የእናቴ ሕመም ሊወጣ ነው፣ የጾሙልኝ ሰዎች ሊያውቁ ነው። ሌላ ሰውዬ ሊሆን ይችላልም አለች። ሰው መናገር ካልፈለገ ምክንያት አያጣም።

መሪው ምን አለ መሰላችሁ? «እህታችን፣ ጌታ ለእናትሽ ጸሎትሽን ሰምቷልና ለወንድማችን አንቺ ጸልዪለት» አላት።

ተነሳች። እጇን ናሆም ትከሻ ላይ አሳረፈች። «ጌታ ሆይ፣ በዚያ ሰው ፊት ሞገስ ስጠው» ብላ ጮኻ ጸለየች። መሰለች አሜን አለች።

ሰማችሁኝ? የሚሄድበትን ጉድጓድ ታውቃለች። ወንድሟን ትከሻውን ይዛ፣ በጸሎት፣ ወደዚያ ጉድጓድ ገፋችው። እኔ ከዚህ የከፋ ጸሎት ሰምቼ አላውቅም።

ናሆም ሄደ። ሰውዬው ቢሮ ቀይሮ ነበር እንጂ ሥራ አልቀየረም። የናሆምን ፓስፖርት፣ ዲግሪና የሥራ ልምድ ማስረጃ ይዞ ተሰወረ። ናሆምን ከውጭ የጠራው የምርምር ተቋም እውነተኛ ነበር፤ ጠብቆ ጠብቆ ሌላ ሰው ወሰደ።

በመጨረሻ ሴትዮዋ አልቻለችም። ቤቱ ድረስ ሄዳ፣ ሚስቱ ባለችበት ሁሉን ነገረችው። እናቷን፣ ደረጃውን፣ መኪና ውስጥ የተስማሙትን ሳይቀር። ናሆም አልተቆጣም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

«ስትጸልዪልኝ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለችው።

ተነስቶ በሩን ከፈተላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ኅብረት መጥቶ አያውቅም። ልጆቹን ይልካል፤ እሱ አይመጣም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንት ነርስ፣ ስንት ፋርማሲስት፣ ስንት የላቦራቶሪ ሰው አለ? ከእናንተ ውስጥ ስንቱ አጠገቡ ያለው ሰው የማያውቀው ፕሮሰስ አለው? ስንታችሁስ ተበልታችሁ አፍራችሁ ተቀምጣችኋል? ዛሬ ጠዋት በር ላይ እጄን ይዛችሁ «ፓስተር፣ በልቤ ለያዝኩት ርዕስ ጸልይልኝ» ያላችሁኝ አላችሁ። ለምን እንደምጸልይ ሳላውቅ አሜን አስባላችሁኝ። እኔንም የዚያች ሴት እጅ አደረጋችሁኝ።

ዐይን ይገባበታል ትላላችሁ። እግዚአብሔር የሰጣችሁን የጎረቤት ዐይን የሚቀማችሁ ከሆነ፣ እዚህ መጥታችሁ የምታመልኩት ማንን ነው? ሄዳችሁ ለጎረቤታችሁ ዐይን ስገዱ።

መሄድ ኃጢአት ነው አላልኩም። ሂዱ። ሠርታችሁ ብሉ። መንገዱን ያወቀ ግን ለማያውቀው ያሳይ። የተበላ አፉን ከፍቶ የበላውን ሰው ይናገር። ተሞኙ ትባላላችሁ? ተባሉ። ወንድማችሁ ዲግሪውን አጥቶ የልጆቹን ፊት ማየት ከሚያፍር፣ እናንተ ሞኝ ብትባሉ ምን ትሆናላችሁ?

አሁን በተለመደው መንገድ አልጨርስም። ከጎንህ ላለው ጌታ ይባርክህ በለው አልላችሁም፤ ብዙ ተባብላችኋል። ዐይናችሁንም እንዳትጨፍኑ። አጠገባችሁ ወዳለው ሰው ዙሩና በልባችሁ የያዛችሁትን ርዕስ በስሙ ጥሩት። ፓስፖርታችሁ አሁን በማን እጅ እንዳለ ንገሩት። የሰውዬውን ስም ንገሩት። እሱም የሚያውቀውን ይንገራችሁ።

እስክትጨርሱ አልጸልይም። ቆሜ እጠብቃችኋለሁ።