የሉዚ ኩርባ

አንድ ሰው ነበረ። ትልቅ ሆቴል አለው፣ ጥሩ ካፖርት ይለብሳል፣ በመንደሩ የተከበረ ነው። የሚያሳፍረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በተራራው ላይ አንድ ኩርባ በስሙ ይጠራል።

ይህ ምን ያሳፍራል ትሉኝ ይሆናል። ታገሱኝ።

መንደሩ ያለው በአልፕስ ተራሮች ነው። በብርዱ ወራት ምድሩ ሁሉ በረዶ ይሆናል። ሰዎቹ እግራቸው ላይ ረጃጅም መንሸራተቻ አስረው ከአናቱ ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ስኪ ይባላል። ጭቃ አዳልጧችሁ የሚያውቅ ከሆነ ግማሹን ታውቁታላችሁ። እነሱ ግን ሆን ብለው ነው፣ ያውም እየተሽቀዳደሙ።

የውድድሩ መንገድ ድሮ ላሞች ከግጦሽ የሚወርዱበት ዱካ ነበር። አያቶቻቸው ዛፉን ቆርጠው አሰፉት፣ ለየኩርባውም ስም አወጡለት። በማን ስም? በአሸናፊዎቹ? አይደለም። አሸናፊ ዋንጫውን ይዞ ይሄዳል፣ በቃ። ኩርባው የሚሰየመው እዚያ በወደቀው ሰው ነው።

ልማዱ በዚህ አያበቃም። በውድድሩ ዋዜማ አዲስ ተወዳዳሪዎች ቀስ ብለው እየወረዱ መንገዱን ያጠናሉ። በየኩርባውም ባለስሙ ቆሞ ይጠብቃቸዋል፤ እንዴት እንደወደቀ ይነግራቸዋል። እሱ ከሞተ ልጁ ይቆምለታል።

ባለ ሆቴሉ ሉዚ ይባላል። በወጣትነቱ እየመራ ሳለ፣ ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ለተመልካቹ እጁን አውለበለበ። ቁልቁል የሚበር ሰው እጁን ሲያነሳ ምን ይሆናል? ሉዚ አጥር ጥሶ የጎረቤት ፍግ ክምር ውስጥ ገባ።

ዓመታት አለፉ። ሉዚ የውድድሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ። ቴሌቪዥን ሊመጣ ነው ሲባል ስብሰባ ጠራና፣ «አዲስ ሰሌዳ እንስቀል። ያ ኩርባ ከእንግዲህ ‹ወርቃማው ኩርባ› ይባል» አለ።

«እዚያ ወርቅ አይቼ አላውቅም» አለች ጎረቤቱ ባርብላ። «ፍግ ግን አውቃለሁ። የኔ ነበር።»

ሳቁ። ሰብሳቢው ግን እሱ ነውና የድሮው ስም ተነስቶ አዲሱ ሰሌዳ ተሰቀለ።

ዋዜማው ደረሰ። ከአዲሶቹ ተወዳዳሪዎች አንዷ የሉዚ ልጅ ኡርሲና ነበረች። ያደገችው ከተማ፣ አክስቷ ዘንድ ስለሆነ የአባቷን ውድቀት አልሰማችም። እሱም አልነገራትም።

በመጀመሪያው ኩርባ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። «ልጆቼ» አሉ፣ «እዚህ ስወድቅ ነፋስ ገፋኝ ብዬ ነበር። የምን ነፋስ። ፈርቼ ዓይኔን ጨፍኜ ነው።» ወጣቶቹ እየሳቁ፣ ዓይናቸውንም ከፍተው አለፉ።

ወርቃማው ኩርባ ላይ ማንም አልቆመም። የሚያብረቀርቅ ሰሌዳ ብቻ።

«እዚህ የወደቀ የለም ማለት ነው» አለች ኡርሲና ለጓደኛዋ። «ነገ እዚህ ስደርስ ለካሜራው እጄን አውለበልባለሁ።»

ሉዚ ከአጥሩ ማዶ ከጋዜጠኞቹ ጋር ቆሞ ሰማት። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ማታ ቤት ውስጥ ለብቻዋ በነገርኳት ትሉ ይሆናል። እሺ፣ ጓደኛዋስ? የሌሎቹስ ልጆች?

ሉዚ ካፖርቱን እንደለበሰ አጥሩን ተሻገረ።

«ኡርሲና፣ እጅሽን እንዳታነሺ።»

«ለምን፣ አባዬ?»

«እኔ አንስቼ ነበር።»

«ከዚያስ?»

በጣቱ አመለከታት። «እዚያ ድረስ ሄድኩ። ፍግ ውስጥ።»

«በጭንቅላትህ?»

«በጭንቅላቱ» አለች ባርብላ ከበረቷ ደጃፍ። «እግሩን ጎትቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ጋዜጠኞቹም ሳቁ። ሉዚ ፊቱ ቀላ፤ ከዚያ እሱም ሳቀና ወጣቶቹን ሰበሰባቸው። «ሜዳ ይመስላል፣ ያታልላችኋል» አላቸው። «ወዲያው ወደ ግራ ያዘነብላል። ዝቅ በሉ፣ እጃችሁን ከፊታችሁ አድርጉ።»

በማግስቱ ኡርሲና ያን ኩርባ ዝቅ ብላ አለፈች። አሸነፈች? አላሸነፈችም። ከዚያ በታች ካለው ጉብታ ላይ፣ ማንም ወድቆበት በማያውቅ ቦታ፣ ተንከባለለች። አባቷ እየሮጠ ሲደርስ በረዶውን ከአፏ እየተፋች ተነሳች።

«አባዬ፣ ያንተን አልደገምኩም» አለችው። «የራሴን አገኘሁ።»

አሁን እዚያ ሁለት ሰሌዳ አለ፤ የአባትና የልጅ። በወርቃማው ሰሌዳ ባርብላ የበረቷን ቀዳዳ ደፈነችበት።

ወገኖቼ፣ ወደ እናንተ ልምጣ። እዚህ ምስክርነት ስትሰጡ ዋንጫችሁን ታሳዩናላችሁ። እሰየው። የወደቃችሁበትስ ቦታ የት ነው? ለልጃችሁ «እኔ ባንተ ዕድሜ አንደኛ ነበር የምወጣው» ትሉታላችሁ። ክፍል የደገማችሁበትን ዓመትስ? መጠጥ ቤቱንስ? ሊጋቡ ለተጫጩት የሠርጋችሁን ፎቶ ታሳያላችሁ፤ ለወራት የተኳረፋችሁበትን ማን ይንገራቸው?

የጴጥሮስን ክህደት አራቱም ወንጌላት ጽፈውታል። ጴጥሮስ የመንጋው እረኛ ከሆነ በኋላ «ይህን አንሱልኝ» ሲል አናነብም። ስትመለስ ወንድሞችህን አበርታ ተብሎ ነበር፤ ያልወደቀ መስሎ እንዴት ያበረታቸዋል?

ኩርባችሁን ታውቁታላችሁ። እኔ ልነግራችሁ አያስፈልግም። ከኋላችሁ የሚመጣ ልጅ አለ፣ የሚያየው ግን የሚያብረቀርቅ ሰሌዳ ነው። ሂዱና ቁሙለት። ይስቅባችሁ ይሆናል። ይሳቅ። በሉዚም ተስቆበታል፤ ልጁ ግን ዝቅ ብላ አለፈች።