በዘወረደ የተማሰ መቃብር

በእኛ አገር ሕመምተኛ ሊጠይቅ ገብቶ ከንፈሩን እየመጠጠ የሚወጣ ሰው ሲታይ፣ አንዲት አባባል የሚወረውርበት ሽማግሌ አይጠፋም። ሰው ሁሉ ይላታል፤ በማን እንደተባለች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ታሪኳ ደስ አይልም፤ ቢሆንም ልንገራችሁ።

ወይዘሮ አትጠገብ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ አስናቀውና የውብዳር። ጥር ላይ ሆዳቸው አብጦ እህል አልቀበል አላቸው። የጤና ጣቢያው ሐኪም አይቷቸው፣ «ከእንግዲህ ከቤታቸው ቢሆኑ ይሻላል» አለ። ይህን ስትሰማ የውብዳር ጠበል ልትቀዳ ወረደች። አስናቀው ደግሞ ሰሌን ሊገዛ ገበያ ወጣ።

አትፍረዱበት፤ ክፉ ልጅ አልነበረም። አባቱ ድንገት የሞቱ ጊዜ የሬሳ መጠቅለያ ሰሌን ከቤት ጠፍቶ፣ ከጎረቤት ሲለመን ቀብሩ አርፍዶ ነበር። ያ ውርደት ከልቡ አልወጣም። ስለዚህ ሰሌኑን ቆጥ ላይ ደበቀ፣ ለለቅሶው ጠላ ጌሾ አስወቀጠ፣ በዘወረደ ሳምንት ደግሞ ከአባቱ አጠገብ መቃብር አስማሰ። ይህን ሁሉ ካሰናዳ በኋላ እናቱ ወደተኙበት ጓዳ መግባት ተወ። በሆዱ ተሰናብቷቸው ነበር፤ እንደገና ለመሰናበት አቅም አጣ።

መንደር ወሬ አይደብቅም፤ እናትየው ሰሙ። የውብዳርን ጠሯት።

«ሰሌን ተገዝቷል አሉ?»

«ማን አለሽ፣ እማዬ?»

«አምጪው። መደቡ ቀዝቅዞኛል፤ ልተኛበት።»

የውብዳር እያለቀሰች አነጠፈችላቸው። ጋደም አሉና፣ «መቃብርም አስምሷል አሉ። ይሁን፤ ጌታዬም በሰው መቃብር ነው የተኛው፤ ሦስት ቀን ተውሶ መለሰው። እኔም ውዬ አድሬ እመልሰዋለሁ። አስናቀውን ግን ጥሪልኝ፤ አጠገቤ ይቀመጥ» አሉ።

አስናቀው መጣ፤ ከጓዳው በር ላይ ቆመ። «እንዴት ዋልሽ?» አለና፣ ወይፈን ተፈታ ብሎ ሄደ። በማግስቱም ሰበብ አላጣም።

ጾሙ ገፋ። የውብዳር በየቀኑ ጠበሉን ታጠጣለች፣ እጃቸውን ይዛ አቡነ ዘበሰማያት ትደግማለች። ተስፋ ነበራት፤ ፍርሃቷም ከተስፋዋ አያንስም። አንዳንድ ቀን ከቤቱ ጀርባ ዞራ አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ ትመለሳለች። መንደርተኛው «ዛሬ ያልፋሉ፣ ነገ ያልፋሉ» ይላል። አላለፉም። በቀዳም ስዑር የንስሐ አባታቸው መምሬ ፈንቴ ቄጤማ ይዘው መጡና ራሳቸው ላይ ሲያስሩላቸው፣ እናትየው እንደ ልጃገረድ ሳቁ። በፋሲካ ዕለት የዶሮ መረቅ በማንኪያ ቀመሱ።

«አስናቀውስ?» አሉ።

አስናቀው እደጅ እንግዳ ያስተናግድ ነበር።

የዳግም ትንሣኤ ማግስት፣ እጃቸው በየውብዳር እጅ ውስጥ እንዳለ አረፉ።

በቀብሩ ላይ አስናቀውን የሚይዘው ሰው ጠፋ። ደረቱን እየደቃ፣ «አውቄ ነበር! ገና በዘወረደ አውቄ ነበር!» ይላል። መምሬ ፈንቴ ክንዱን ያዙት።

«መሞቷንማ ማን ያላወቀ አለ፣ ልጄ? እሷም ታውቀው ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ና ተቀመጥ አለችህ፤ አንተ ግን ቀብረሃት ነበር።»

አስናቀው ከአፈሩ ላይ ተንበረከከ። «አሁንስ ምን ላድርግ፣ አባቴ?»

«አሁንማ ትንሣኤዋን ጠብቅ፤ ያን ጊዜ አጠገቧ ትቀመጣለህ» አሉት። ድምፃቸው ተሰበረ። ወደ ቀባሪው ዞረውም፣ «እናንተ ግን ስሙኝ፤ ነፍስ ሳትወጣ ተስፋ አይውጣ» አሉ።